የመርሳት በሽታ ረጅም መንገድ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ኮልፌ

በኮልፌ ቀራንዮ መንደሮች አንድ አዛውንት ከመስጊድ ወይም ከቅዳሴ ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው መንገድ ቢጠፋባቸው፣ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን በሟች እህታቸው ስም ደጋግመው ቢጠሩ፣ ቤተሰቡ የሚሰጠው ምክንያት ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፦ "ዕድሜ ነው፤ ጃጅተዋል።" የአውሮፓና የአሜሪካ ሕክምናም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በላቲን ስም አሳምሮ ያንኑ ይል ነበር። ዛሬ ሰዉ ቁርጥራጭ ወሬ ይሰማል፤ አልዛይመር የሚባል በሽታ እንዳለ፣ ደም ግፊት አንጎልንም እንደሚጎዳ፣ ሕመሙን የሚያሳይ የደም ምርመራ እንደተገኘ። ቁርጥራጮቹ በየትኛው ዘመን፣ በምን ምክንያት እንደመጡና ለኮልፌ አዛውንት ምን እንዳስገኙ በቅደም ተከተል ሲታይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ተመራማሪዎች ወደ አንጎል ጥልቀት በገቡ ቁጥር፣ መከላከያው ወደ ጤና ጣቢያው ደጅ እየቀረበ መጥቷል።

ከ1901 እስከ 1913 እ.ኤ.አ.፦ አንዲት ሴትና አንድ ንጉሠ ነገሥት

እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ስሟን ስትጠየቅ ትናገራለች፤ የባሏን ስም ስትጠየቅም የራሷኑ ትመልሳለች። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ሐኪም ጥያቄውንና መልሱን አንድ በአንድ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1906 ስትሞት እሱ ወደ ሙኒክ ተዛውሮ ነበር። አንጎሏ ተልኮለት በብር ማቅለሚያ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሁለት እንግዳ ነገር አገኘ፦ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተከማቸ ባዕድ ነገርና በሴሎቹ ውስጥ የተጠላለፉ ክሮች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቱቢንገን ላይ ግኝቱን ለሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርብ አንድ እንኳ ጥያቄ የጠየቀው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1910 አለቃው የነበረው ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ "የአልዛይመር በሽታ" ብሎ ስም ሰጠው።

ስሙ አንድ በር ሲከፍት ሌላውን ዘጋ። ዴተር ገና በሃምሳዎቹ ውስጥ ስለነበረች በሽታው በጎልማሶች ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ ብርቅ ነገር ተደርጎ ተቆጠረ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው ሲዘነጋ ግን የዕድሜ ዕጣው ነው ተብሎ ታለፈ። ይህ ድንበር 60 ዓመት ያህል ቆሞ ቆየ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዓይነት የአንጎል ጉዳት የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በተደጋጋሚ በስትሮክ ተጠቁ። በ1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባዱ ሰውነታቸውን አሽመድምዶ ከመንግሥት ሥራ አራቃቸው። በ1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሥልጣኑ ከእቴጌ ጣይቱ ወደ እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው፣ ከዚያም ወደ ልጅ ኢያሱ ተሸጋገረ። የፍራንክፈርቷ ሴት አንጎል የተጎዳው በውስጡ በተከማቸ ነገር ነው፤ የንጉሡ ግን በደም ሥር አደጋ። ሁለቱ መንገዶች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ተጠኑ። ለኢትዮጵያ አዛውንቶች ሁለተኛውም አሳሳቢ መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ከ1934 እስከ 1970 እ.ኤ.አ.፦ በኮልፌ ዙሪያ የተተከሉ ሁለት ተቋማት

ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል፣ ዘነበወርቅ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተከፈተ። ሆስፒታሉም ሰፈሩም ስማቸውን ያገኙት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። ሕሙማኑ ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመጡ በአጥሩ ዙሪያ ሰፈሩ፤ ወልደው ከብደውም መንደር መሠረቱ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከኮልፌ ብዙም በማይርቀው የመርካቶ ምዕራባዊ ጠርዝ አማኑኤል ሆስፒታል ተቋቋመ። ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር።

ሁለቱም ተቋማት የመርሳት በሽታን አልተመለከቱትም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ወደ አማኑኤል የሚወሰደው ቤተሰቡ መያዝ ያቃተው፣ የሚጮህና የሚሰበብር ሕመምተኛ ነው። የሚዘነጋ ሽማግሌ ማንንም አይረብሽም። ልጆችና ምራቶች ያበሉታል፤ መንገድ ሲስት ጎረቤት እጁን ይዞ ይመልሰዋል፤ ሲብስበት ጠበል ይወሰዳል ወይም ዱዓ ይደረግለታል። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ ከ40 ዓመት በታች ነበር። ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው በዋናነት የሕፃናት ሞት በመሆኑ ሽማግሌ አልነበረም ማለት አይደለም። ሐኪሞችን የሚያስጨንቀው ግን ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና ሥጋ ደዌ ነበር።

በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. የዘነበወርቁ ሆስፒታል አለርት የሚባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከጎኑ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ይወርራልና ተቋሙ የሰውነት መከላከያ ነርቭን እንዴት እንደሚያጠቃ ማጥናት ያዘ። በአለርት ደጅ የተሰለፉት ሕሙማን ለዓመታት የሚውጡት ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ይባል ነበር። ይህ ርካሽ ክኒን ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ ወደ አልዛይመር ታሪክ ባልታሰበ በር ይገባል።

ከ1968 እስከ 1980 እ.ኤ.አ.፦ ድንበሩ ሲፈርስ

ሐሳቡን የገለበጠው ጥናት የመጣው ከእንግሊዟ ኒውካስል ነው። ጋሪ ብሌሰድ፣ በርናርድ ቶምሊንሰንና ማርቲን ሮዝ አዛውንቶችን በሕይወት ሳሉ መረመሩ፤ የቤት ሥራቸውን፣ ገንዘብ አያያዛቸውን፣ አለባበሳቸውን ከዘመዶቻቸው እየጠየቁ ነጥብ ሰጧቸው። ሲሞቱ ደግሞ አንጎላቸውን ከፍተው አልዛይመር ያየውን ክምችት ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ውጤት ክምችቱ በበዛ ቁጥር የመርሳቱ መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌና የሃምሳ አንድ ዓመቷ ዴተር አንድ ዓይነት በሽታ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት ካትዝማን በአጭር ርዕሰ አንቀጽ ድምዳሜውን በአደባባይ አወጀው፦ እርጅና የተባለው ነገር አብዛኛው አልዛይመር ነው፤ በአገሩም ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነው። ብርቅ የነበረው በሽታ በአንድ ጊዜ የሚሊዮኖች ሆነ።

መለኪያም ተገኘለት። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርሻል ፎልስታይን፣ ሱዛን ፎልስታይንና ፖል ማክሂዩ ከ30 ነጥብ የሚታረም አጭር ፈተና አወጡ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ወቅቱን ይጠይቃል፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ያስቀንሳል፤ ዓረፍተ ነገር ያስነብባል፣ ያስጽፋል፤ ሥዕል ያስገለብጣል። ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ተፈታኙ ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል ብሎ ያሰበ ፈተና ነበር።

በዚያን ጊዜ ከአሥር ኢትዮጵያውያን ዘጠኙ ማንበብና መጻፍ አያውቁም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በየቀበሌው አዳራሽ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ለዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት ሰጠ። ያኔ ስለ ማይምነት ሲወራ ስለ አንጎል ጤና ያሰበ የለም። ይሁንና በዚያ ዘመቻ በ18 ዓመቷ ስሟን መጻፍ የተማረች ልጅ ዛሬ ስድሳን ተሻግራለች። ያ ፊደል በአንጎሏ ውስጥ ምን እንደሠራ ሳይንስ ቆይቶ ይነግረናል።

ከ1984 እስከ 1993 እ.ኤ.አ.፦ ፕሮቲን፣ ቡታጅራና ዳፕሶን

እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ ላይ ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ የክምችቱን ዋና ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ አሚሎይድ ቤታ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የተጠላለፉት ክሮች ታው ከሚባል ሌላ ፕሮቲን መሠራታቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የአለን ሮዝስ ቡድን ኤፖኢ 4 የተባለውን የዘር ዓይነት ከወላጆች የወረሰ ሰው በአልዛይመር የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳየ። በሽታው ስም፣ አካልና ውርስ አገኘ።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ የራሷን የነርቭ ሕመሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለቤት ቆጠረች። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። በግንባር ቀደምትነት የተመዘገቡት የሚጥል በሽታ፣ ፖሊዮ የተወው ሽባነት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ በአብዛኛው ከሥጋ ደዌ የሚመጣ የነርቭ ጉዳት፣ መስማትና መናገር አለመቻል ነበሩ። የመርሳት በሽታ ከዋናዎቹ ተርታ አልገባም። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች በሆነበት አገር ይህ አያስገርምም።

የኮልፌው ዳፕሶን ወደ ታሪኩ የገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳዊው ፓትሪክ ማክጊርና የጃፓን ባልደረቦቹ በጃፓን የሥጋ ደዌ ማዕከላት የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አዛውንቶችን መዝገብ መረመሩ። ዳፕሶንና መሰል መድኃኒቶችን ያለማቋረጥ በወሰዱት ላይ የመርሳት በሽታ ካልወሰዱት ይልቅ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። መድኃኒቱ የሰውነት መቆጣትን ያበርዳልና አልዛይመርም በአንጎል ውስጥ የሚነድ መቆጣት ነው የሚለው ሐሳብ ጉልበት አገኘ። ነገር ግን በኋላ በጃፓን ሕሙማን አንጎል ላይ የተደረጉ ምርመራዎች የሚጋጭ ውጤት ሰጡ፤ ዳፕሶን በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ሲሞከርም አላዋጣም። መድኃኒቱ ቢወድቅም ጥያቄው ተረፈ። ዛሬ የአንጎል መቆጣት ከበሽታው ምርምር ዋና ዘርፎች አንዱ ነው፤ ለጥያቄው መነሻ ከሆኑት አንዱም በአለርት ደጅ የሚታደለው ዓይነት ክኒን ነበር።

ከ1988 እስከ 2007 እ.ኤ.አ.፦ የኢባዳን ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1988 ካትዝማን እንደገና አንድ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። አንዳንድ አዛውንቶች ሲሞቱ አንጎላቸው በክምችት ተሞልቶ ይገኛል፤ በሕይወት ሳሉ ግን ምንም አልዘነጉም ነበር። አንጎላቸው ተጨማሪ አቅም ስላጠራቀመ ጉዳቱን ችሎታል የሚል ማብራሪያ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሻንጋይ የወጣ ጥናት ፈጽሞ ባልተማሩ አዛውንቶች ላይ የመርሳት በሽታ በዝቶ መገኘቱን ሲያሳይ ትምህርት የዚያ አቅም አንድ ምንጭ መሆኑ ታመነበት። የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሳያውቀው የአንጎል ጤና ሥራ ሠርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን አንድ ችግር አለ። ያልተማረ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ የሚያገኘው አንጎሉ ታሞ ነው ወይስ ፈተናው ትምህርት ስለሚጠይቅ? ይህን የፈታው የአፍሪካ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚሠራው የነርቭ ሐኪም ቤንጃሚን ኦሱንቶኩንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚሠራው ሂዩ ሄንድሪ የሁለቱን ከተሞች አዛውንቶች በአንድ ዘዴ መከታተል ጀመሩ። ማንበብ የማይጠይቅ ፈተና አዘጋጁ፤ ከዚያም በላይ ለዘመድ ጥያቄ ጨመሩ፦ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ ይረሳሉ? የቅርብ ሰው ስም ይጠፋባቸዋል? እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ውጤት አነጋጋሪ ነበር። በዓመት ከመቶ አዛውንቶች በመርሳት በሽታ የሚያዙት በኢባዳን 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ አፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ 3.24 ሆነ። ኤፖኢ 4 ደግሞ በአሜሪካ የሚያስከትለውን ያህል አደጋ በኢባዳን ዮሩባዎች ላይ አላሳየም። ተመራማሪዎቹ ወደ ደም ሥር፣ ወደ ክብደትና ወደ አመጋገብ ፊታቸውን አዞሩ፤ ምክንያቱም ከውቅያኖሱ ማዶና ማዶ ያለው ዝርያ ተቀራራቢ ሲሆን አኗኗሩ ግን የተለያየ ነው። በኋላ በኢባዳንና በታንዛኒያ እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ሰዎች ሥዕል ማስገልበጡ ቀርቶ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ማሠራት ተተካ።

ትምህርቱ ለኮልፌም የሚሠራ ነው። አንዲት እናት "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" ሲባሉ "ሚካኤል ነው" ቢሉ ቀኑን አሳምረው አውቀዋል፤ በየወሩ 12 ነውና። አንድ አባት ከረመዳን ስንተኛ ቀን እንደሆነ በትክክል ከነገሩም እንዲሁ። 13 ወር፣ ከንጋት የሚጀምር ሰዓት አቆጣጠርና ስም የሌላቸው መንገዶች ባሉበት ከተማ የውጭውን ፈተና ቃል በቃል ማቅረብ ጤነኛውን ሕመምተኛ ማድረግ ነው።

ባለሙያም በዚሁ ዘመን መበርከት ጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን እ.ኤ.አ. በ2003፣ የነርቭ ሕክምናው ደግሞ በ2006 ተጀመረ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር አለርትን በመሰሉ ሆስፒታሎች ሞት ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች ወደ እርጅና ማምራት ያዙ፤ ቫይረሱ አንጎልን የሚጎዳበት መጠንም ይጠና ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ የታተመ ጥናት መድኃኒት ባልጀመሩ የቫይረሱ ተሸካሚዎችና በሌሎች መካከል በአብዛኞቹ የአእምሮ ፈተናዎች ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ከ2002 እስከ 2018 እ.ኤ.አ.፦ በሕይወት ያለ አንጎል ሲታይ

እስከዚህ ዘመን ድረስ አልዛይመርን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው ከሞት በኋላ ነበር። በ1990ዎቹ ከወገብ በመርፌ በሚወሰድ ፈሳሽ ውስጥ የሕሙማኑ አሚሎይድ ቀንሶ፣ ታው ጨምሮ መታየቱ የመጀመሪያው ስንጥቅ ሆነ፤ አሚሎይዱ አንጎል ውስጥ ስለሚከማች ወደ ፈሳሹ የሚወጣው ያንሳል። ከዚያ የፒትስበርግ ተመራማሪዎቹ ዊሊያም ክለንክና ቼስተር ማቲስ አሚሎይድ ላይ የሚጣበቅ ጨረር አመንጪ ቅመም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ስዊድን ኡፕሳላ ላይ በአንድ ሕመምተኛ ተሞከረ፤ በ2004 ውጤቱ ታተመ። በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ያለው ክምችት በስክሪን ላይ ታየ።

የታየው ነገር ጊዜን ራሱን አሰፋ። ክምችቱ የሚጀምረው ሰው መርሳት ከመጀመሩ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ ነው። በ75 ዓመቱ መንገድ የሚጠፋበት ሰው በሽታው የጀመረው ገና ልጆቹን ሲድር ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በሽታው ለምርምር ሥራ በምልክቱ መታወቁ ቀርቶ በባዮማርከር፣ ማለትም በሚለኩ የአሚሎይድ፣ የታውና የነርቭ ጉዳት ጠቋሚዎች እንዲተረጎም ሐሳብ አቀረቡ።

ይህ ግኝት ለአንድ ጤና ጣቢያ ምን ይጠቅማል? የአንጎል ምስሉ ውድ ነው፤ ከወገብ ፈሳሽ መውሰዱንም ብዙ ሰው ይፈራዋል። ነገር ግን የሚዘነጋ ሰው ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ ድብርት፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከመውደቅ በኋላ በራስ ቅል ሥር ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ደም፣ ለእንቅልፍ ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒት ሳይቀር የመርሳት በሽታን ይመስላሉ፤ አብዛኞቹም ይታከማሉ። "ዕድሜ ነው" የሚለው ቃል ትልቁ ጉዳቱ እነዚህን ሳይታዩ ማሳለፉ ነው።

ከ2009 እስከ 2024 እ.ኤ.አ.፦ የአደጋ ምክንያቶች ዝርዝር

በዚህ ጊዜ የኢትዮጵያ ቁጥር ተለውጧል። በምዕተ ዓመቱ መባቻ 50 ገደማ የነበረው ሲወለዱ የሚጠበቅ ዕድሜ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ65 አለፈ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኮልፌ ቀራንዮ ብቻ ከ420 ሺህ በላይ ሰው ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍቅሩ ተስፋዬና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ከ25 እስከ 64 ዓመት ካሉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከወንዶች 31.5 ከመቶ፣ ከሴቶች 28.9 ከመቶ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ገለጸ። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአገር ደረጃ ያገኘው 16 ከመቶ ገደማ ስለሆነ ከተማው የአገሪቱን አማካይ ሁለት እጥፍ ያህል ተሸክሟል። ምኒልክን የጣለው ዓይነት አደጋ በየመንደሩ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የዓለም ምርምርም ወደዚያው አቀና። አውሮፓ ውስጥ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዛውንቶች ላይ ግፊትን ማከም የመርሳት በሽታን እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። በ2015 ፊንላንዳዊቷ ሚያ ኪቪፔልቶ 1,260 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ይዛ ለግማሽ ያህሉ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ሥር ክትትልን በአንድ ላይ ስትሰጥ የማሰብ ችሎታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ9,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ማውረድ ቀላል የማሰብ ችግርን በ19 ከመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ይህን ሁሉ የሰበሰበው የላንሴት መጽሔት ኮሚሽን ነው፤ መሪዋ የለንደኗ ጊል ሊቪንግስተን ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ሊለወጡ የሚችሉ የአደጋ ምክንያቶችን ዘረዘረ፦ የትምህርት ማነስ፣ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ትንባሆ፣ ድብርት፣ ከሰው መነጠል፣ እንቅስቃሴ ማጣትና የስኳር በሽታ። በ2020 የጭንቅላት አደጋ፣ ብዙ አልኮልና የአየር ብክለት ተጨመሩ። በ2024 ደግሞ የማየት ችግርና መጥፎው ኮሌስትሮል ገብተው 14 ሆኑ። ሁሉንም ማስወገድ ቢቻል 45 ከመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል የሚል ስሌት ወጣ።

ዝርዝሩን ይዞ ኮልፌን ማየት እንግዳ አይደለም። ጭስ፦ በየቤቱ እንጨትና ከሰል ይነዳል፤ በረጲ ያለው ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ለአሥርተ ዓመታት እየነደደና እየሸተተ ኖሯል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲገድል ብዙ ኢትዮጵያዊ ሰፈሩን ያወቀው በዚያ ነው። ዓይን፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሹን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል፤ ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚነሳ ነው። ጆሮ፦ የማይሰማ ሽማግሌ ከቡና ጨዋታ ይቀራል፤ የቀረ ሰው ይነጠላል። መነጠል፦ ሰፈር ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን እድሩም፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገደኛውን ሰላም ማለቱም አብረው ይሄዳሉ። መውደቅና የመኪና አደጋ፣ ስኳር፣ ትምህርት፦ እያንዳንዱ በሰፈሩ ሰው አፍ ላይ ያለ ነው። ያልታወቀው ሁሉም በአንድ በሽታ በር ላይ መገናኘታቸው ነበር።

ተቋማት ግን ከዝርዝሩ ይልቅ ለወደቁት ቀድመው ደረሱ። በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ከጎዳና የሚያነሳቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጠቅላላ የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ያወጣው መመሪያ የመርሳት በሽታን ጨመረ፤ ኢትዮጵያም በ2012 የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣች።

ከ2020 ወዲህ፦ የደም ጠብታ

እ.ኤ.አ. በ2020 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሴባስቲያን ፓልምክቪስትና ኦስካር ሐንሰን በደም ውስጥ የሚገኝ ፒ-ታው 217 የተባለ የታው ዓይነት አልዛይመርን ከሌሎች የመርሳት በሽታዎች በጥሩ ሁኔታ እንደሚለይ አሳዩ። ከወገብ ፈሳሽና ከውድ የአንጎል ምስል ይልቅ አንድ ብልቃጥ ደም በቂ ሊሆን ነው። በሜይ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ምልክት ላለባቸው፣ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ። በ2023 ደግሞ ሌካኔማብ የተባለው አሚሎይድ አጽጂ መድኃኒት ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። መድኃኒቱ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን ግስጋሴ በ27 ከመቶ ያዘገያል፤ አያድንም። ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 26,500 ዶላር ነበር፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችልም በተደጋጋሚ ምስል መነሣት ይጠይቃል።

የደም ምርመራው ከመድኃኒቱ ቀድሞ አፍሪካ ይደርሳል ብሎ መገመት አይከብድም። ከጣት ተወስዶ በወረቀት ላይ ደርቆ የሚላክ ደም እየተሞከረ ነው፤ የደረቀ ደም መላክን ደግሞ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናትን ሲመረምሩ ለምደውታል። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደም ውስጥ ፒ-ታው ያለ አልዛይመርም ከፍ ሊል ይችላል፤ ግፊትና ስኳር ሳይታከሙ በቆዩበት ሰፈር ደግሞ የደከመ ኩላሊት ብዙ ነው። የምርመራው ልክም የተቆረጠው በአብዛኛው በነጭ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ደም ነው። የ1975ቱ ፈተና ያልተማረውን ሕመምተኛ እንዳስመሰለው የ2025ቱም ምርመራ በሌላ ምክንያት ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ነው ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የአዛውንቶችን ዘርና ደም የሚያጠና ሥራ የተጀመረው። የኢባዳን ልምድ ያስተማረው መለኪያ ከሚለካው ሰው ዘንድ ካልተፈተነ እንደማይታመን ነው።

እስከዚያው የሚሠራው ሥራ በግልጽ ይታወቃል። የላይኛውና የታችኛው ግፊት በእያንዳንዱ የጤና ጣቢያ ጉብኝት ይለካል፤ ከአርባዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ከፍ ሲል መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ስኳር ይታያል። ሞራው ይነሳል፤ ጆሮው ይመረመራል። ማጀቱ ጭስ መውጫ ይበጅለታል። አዛውንቱ ከእድር ስብሰባና ከቡና ጨዋታ አይቀሩም። መርሳት ሲጀምሩ ደግሞ ቤተሰቡ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ምን እንደረሱ ይዞ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ኒውካስልም ኢባዳንም እንዳረጋገጡት የዘመድ ምስክርነት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣልና። ክምችቱ ከምልክቱ 20 ዓመት ቀድሞ የሚጀምር ከሆነ፣ ዛሬ በኮልፌ ለአባታቸው መድኃኒት የሚገዙት የሃምሳ ዓመት ልጆች መጀመሪያ ሊያስለኩ የሚገባቸው የራሳቸውን ደም ግፊት ነው።